ዘንጉን ማን ነው የሚያዞረው?

(ጅማ ላይ ለተማሪዎች፣ ለባለሱቆችና ለባለወፍጮዎች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ሥራችሁን አቋርጣችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ከፊት የተቀመጣችሁት አብዛኞቻችሁ ተማሪዎች ናችሁ። ከኋላ ደግሞ ወፍጮ ያላቸው፣ ካፌ ያላቸው፣ ቡና የሚቀሽሩ ሰዎች አያለሁ። የእኔ ሥራ ጄነሬተር መጠገን ነው። ስለዚህ ዛሬ የማወራችሁ ከመጽሐፍም ከጋራዥም ያገኘሁትን ነው።

መብራት ሲጠፋ ከሕርማታ እስከ አጂፕ የሚነሳውን ድምፅ ታውቁታላችሁ። በየሱቁ በር ላይ ትንንሾቹ ይነሳሉ። ከሆቴሎቹ ጓሮ ትልልቆቹ ይከተላሉ። ብዙ ሰው ያን ድምፅ ሲሰማ ጄነሬተሩ ከራሱ መብራት የሚያመነጭ ይመስለዋል። ዛሬ እንድትይዙልኝ የምፈልገው አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ ጄነሬተር ኃይል አይፈጥርም። ትንሽም ቢሆን አይፈጥርም። ከሌላ ቦታ የመጣ ኃይል ይቀበልና በሽቦ ሊሄድ ወደሚችል መልክ ይለውጠዋል። ስለዚህ የትኛውም ጄነሬተር ፊት ስትቆሙ መጀመሪያ «ዘንጉን ማን ነው የሚያዞረው?» ብላችሁ ጠይቁ። ናፍጣ ነው? ውሃ ነው? እንፋሎት ነው? ነፋስ ነው? ወጪውም፣ ጉዳቱም፣ ጥቅሙም ከዚያ ጥያቄ ሥር ነው ያለው።

እስቲ ወደ መነሻው ልውሰዳችሁ። ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራው። በ1820 ሃንስ ክርስቲያን ኧርስትድ የሚባል የዴንማርክ ሊቅ፣ በሽቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ አጠገቡ ያለው የኮምፓስ መርፌ ዘወር እንደሚል አየ። ኤሌክትሪክ ማግኔትን ያንቀሳቅሳል ማለት ነው። ታዲያ ማግኔትስ ኤሌክትሪክን ያንቀሳቅሳል ወይ? ይህን ጥያቄ ይዞ ዓመታት የቆየው ማይክል ፋራዳይ ነው። አባቱ ቀጥቃጭ ነበር። እሱ ራሱ በልጅነቱ መጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። ሳይንስ የጀመረው የሚጠርዛቸውን መጻሕፍት እያነበበ ነው። ተማሪዎች፣ ይቺን ልብ በሉልኝ፤ ፋራዳይ ከባድ ሒሳብ አልተማረም። እጁና ዓይኑ ግን ስል ነበሩ።

በ1831 የመዳብ ሽቦ ጠምጥሞ ማግኔት ወደ ውስጡ አስገባ። የመለኪያው መርፌ ተወዛወዘ። ማግኔቱን እዚያው ተወው። መርፌው ወደ ቦታው ተመለሰ። ማግኔቱን ሲያወጣው መርፌው ወደ ሌላው ጎን ሄደ። ማግኔት ከሽቦው አጠገብ ስለተቀመጠ ብቻ ምንም አይመጣም። መንቀሳቀስ አለበት። በዓመቱ ፓሪስ ላይ ኢፖሊት ፒክሲ በእጅ የሚዞር ማሽን ሠራ። እጀታው ሲዞር ማግኔቱ ይዞራል፣ ከጥቅሉ ሽቦ ኤሌክትሪክ ይወጣል። ዛሬ ጊቤ ላይ የሚዞረው ትልቅ ማሽንም የሚሠራው ያንኑ ነው። እኛ አገርም ነገሩ ብዙ አልዘገየም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት በጄነሬተር መብራት በርቶለት ነበር።

አሁን እዚህ ጠረጴዛ ላይ ያለውን እዩት። በእጅ የሚዞር ትንሽ ጄነሬተር ነው። አንቺ፣ ከፊት ያለሽው እህቴ፣ ነይ አዙሪልን። አምፖሉን ገና አላገናኘሁትም። እንዴት ነው? ቀለል ይላል አይደል? አሁን አምፖሉን ላገናኘው። ሳታቆሚ ቀጥይ። ሁላችሁም ፊቷን አያችሁ፤ ክንዷ ያዝ አደረጋት። እጀታው ያው ነው፣ ማሽኑ ያው ነው። አምፖሉ ሲበራ ግን ከበደ። ሁለተኛ አምፖል ልጨምር። ይኸው፣ ፍጥነቷ ቀነሰ፣ መብራቱም ደበዘዘ። አመሰግናለሁ፣ ተቀመጪ።

ይህ ክብደት ከየት መጣ? በጥቅሉ ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲፈስ ጥቅሉ ራሱ ማግኔት ይሆናል። ያ ማግኔት የሚዞረውን ማግኔት ወደ ኋላ ይጎትተዋል። አምፖሉ ካልተገናኘ ኤሌክትሪክ አይፈስም፣ ስለዚህ የሚጎትት የለም። በተገናኘ ቁጥር ይጎትታል። ብዙ በወሰድን ቁጥር ይበልጥ ይጎትታል። አምፖሉን ያበራው የእህታችን ክንድ ነው፤ የክንዷ ጉልበት ደግሞ ከበላችው እህል የመጣ ነው። ከዛሬው ንግግር ይህቺን ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይበቃኛል።

ዳይናሞ ያለው ብስክሌት የነዳ ሰው ይህን በእግሩ ያውቀዋል። ዳይናሞው ጎማው ላይ ሲያርፍ ፔዳሉ ይከብዳል። ባለወፍጮዎችም በጆሯችሁ ታውቁታላችሁ። ጄነሬተሩ ባዶውን ሲሄድ ድምፁ ቀጭን ነው። ወፍጮውን ስታስነሱ ድምፁ ይወፍራል፣ ጭሱ ይጠቁራል፣ ትንሽ ይንገዳገድና ይረጋጋል። ያን ጊዜ ገቨርነሩ ነው የሠራው። ዙሩ ሲቀንስ አይቶ ናፍጣ ጨመረለት።

በአገር ደረጃም ይኸው ነው የሚሆነው። ከዋናው መስመር ጋር የተገናኙት ጄነሬተሮች ሁሉ አንድ ላይ ነው የሚዞሩት። የእኛ አገር መስመር 50 ሄርዝ ነው። ኤሌክትሪኩ በሰከንድ 50 ጊዜ ወዲያና ወዲህ ይላል ማለት ነው። ሁለት ፖል፣ ማለትም ሁለት የማግኔት ዋልታ፣ ያለው ጄነሬተር ይህን ለማምጣት በደቂቃ 3,000 ጊዜ መዞር አለበት። አራት ፖል ያለው 1,500 ጊዜ ይበቃዋል። ትንንሾቹ የቤንዚን ጄነሬተሮች የሚጮኹት በ3,000 ስለሚዞሩ ነው። የሆቴሎቹ የናፍጣ ጄነሬተሮች አብዛኞቹ በ1,500 ይዞራሉ፤ ዕድሜያቸውም ይረዝማል። ትልልቅ የውሃ ተርባይኖች ብዙ ጊዜ በደቂቃ ከ100 እስከ 500 ዙር ነው የሚሄዱት፤ ፖላቸው ብዙ ስለሆነ ነው።

ማታ ላይ ከተማው ሁሉ ምጣድና ምድጃ ሲሰካ፣ በሩቅ ያሉት ማሽኖች ዘንጋቸው ላይ ይከብዳቸዋል። ዙራቸው በጥቂቱ ይወርዳል። ገቨርነሮቹ ያንን አይተው የውሃውን በር ከፈት ያደርጋሉ። ውሃው ካልበቃ ወይም አንድ ማሽን በድንገት ከወጣ ዙሩ መውረዱን ይቀጥላል። ያኔ መከላከያዎቹ አንዳንድ መስመሮችን ይቆርጣሉ፤ ካልቆረጡ ማሽኖቹ ተከታትለው ይወጣሉ፣ አገር ይጨልማል። ሰፈራችሁ መብራት ሲጠፋ ምክንያቱ ሁልጊዜ ይህ አይደለም። ምሰሶ ይወድቃል፣ ትራንስፎርመር ይቃጠላል፣ ዛፍ ሽቦ ላይ ያርፋል። ግን በአንድ ጊዜ ብዙ ከተማ ሲጨልም ብዙውን ጊዜ ታሪኩ ይኸው የዙር መውረድ ነው።

ስለ ውስጡ ትንሽ ልበል፤ ሞተር የሚጠመጥሙ ልጆችም እዚህ አሉ። የሚዞረው ሮተር ነው። የማይንቀሳቀሰው፣ ዙሪያውን የከበበው ስታተር ነው። በትልልቅ ማሽኖች ማግኔቱ ሮተሩ ላይ ነው ያለው፤ ኤሌክትሪኩ የሚወጣው ከስታተሩ ጥቅል ነው። ሮተሩ ላይ ያለው ማግኔት ግን በር ላይ እንደምንለጥፈው ያለ ቋሚ ማግኔት አይደለም። እሱም የተጠመጠመ ሽቦ ነው፤ ኤሌክትሪክ ሲሰጠው ነው ማግኔት የሚሆነው። ኤቪአር የምንለው ዕቃ ሥራው ለዚያ ጥቅል የሚሄደውን ኤሌክትሪክ እየጨመረና እየቀነሰ ቮልቴጁን መጠበቅ ነው። እና ማሽኑ ገና ሲነሳ ለማግኔቱ የሚሆነው ኤሌክትሪክ ከየት ይመጣል? ብረቱ ውስጥ ከበፊቱ የቀረች ትንሽ ማግኔትነት አለች። እሷ ትንሽ ኤሌክትሪክ ታመጣለች፤ ያ ማግኔቱን ያጠነክራል፤ እያለ ያድጋል። ለዚህ ነው ብዙ ወር ተሸፍኖ የቆየ ጄነሬተር አንዳንዴ ሞተሩ ተነስቶ መብራት እምቢ የሚለው። የቀረችው ማግኔትነት ጠፍታለች። በባትሪ ለአፍታ ጥቅሉን ስንነካላት ትመለሳለች። ይህን ግን ባለሙያ ይሥራው፤ የባትሪው ገመድ ተገልብጦ ከተያዘ ወይም ኤቪአሩ ሳይፈታ ከተነካ ሌላ ወጪ ይመጣል።

አሁን ወደ ራሳችን ወንዝ ልምጣ። ይህን ክፍል ረዘም አደርገዋለሁ፤ ጅማ ሆኖ ስለ ጄነሬተር ማውራት ስለ ጊቤ ማውራት ነውና።

ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ አሰንዳቦን አልፋችሁ ያን ሰፊ ውሃ ታዩታላችሁ። የግልገል ጊቤ አንድ ግድብ ነው። ከ2004 ጀምሮ ይሠራል፤ አቅሙ 184 ሜጋ ዋት ነው። ከተማችንን አቋርጦ የሚሄደው አዌቱ ወደ ቦዬ ወርዶ መጨረሻው ግልገል ጊቤ ነው። ከሰቃ፣ ከቀርሳ፣ ከኦሞ ናዳ ኮረብታ የሚወርደውም እዚያው ይገባል። ድልድዩ ላይ ቆማችሁ የምታዩት ውሃ ጥቂት ቆይቶ ተርባይን ያዞራል ማለት ነው።

ጊቤ አንድ የተጠቀመበትን ውሃ አይጥለውም። ውሃው 26 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም ዋሻ በተራራ ሥር ያልፋል። ከዚያ ወደ ኦሞ ሸለቆ 500 ሜትር ያህል ይወርዳል። እዚያ ያለው ጊቤ ሁለት ነው፤ 420 ሜጋ ዋት። በጥር 2010 ተመርቆ ብዙም ሳይቆይ የዋሻው አንድ ክፍል ተደርምሶ ሥራው ቆሞ ነበር፤ ተጠግኖ ተመለሰ። ጊቤ ሁለት የራሱ ትልቅ ግድብ የለውም። ኃይሉ ከውሃው ብዛት ሳይሆን ከውድቀቱ ከፍታ ነው የሚመጣው። እዚያ ያሉት ተርባይኖች ፔልተን ይባላሉ። ከጠባብ አፍ የሚፈተለከው ውሃ ጎማው ዙሪያ የተደረደሩ ጎድጓዳ ጭልፋ የሚመስሉ ብረቶችን እየመታ ያዞራቸዋል።

ውሃው ኦሞ ገብቶ አሁንም አያርፍም። ወደ ታች ጊቤ ሦስት አለ። ግድቡ ከ240 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። 10 ተርባይኖች፣ በጠቅላላ 1,870 ሜጋ ዋት። በ2016 መጨረሻ ተመርቋል። እዚያ ያሉት ፍራንሲስ ተርባይኖች ናቸው፤ ውሃው ዙሪያውን ገብቶ በመሃል ይወጣል። ከዚያ በታች ኮይሻ እየተሠራ ነው። አንድ የዝናብ ውሃ ከጅማ ኮረብታ ተነስቶ ቱርካና ሐይቅ እስኪደርስ ሦስት ጊዜ መብራት ሆኖ ያልፋል፤ ኮይሻ ሲያልቅ አራት ጊዜ። እኔ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይደንቀኛል።

አሁን ሒሳብ እንሥራ። እናቶች፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ተኩል ኪሎ ዋት ገደማ ይወስዳል። አንድ ሊትር ውሃ 500 ሜትር ሲወርድ፣ ተርባይኑና ጄነሬተሩ የሚያባክኑት ተቀንሶ፣ ከ4 ኪሎ ጁል ትንሽ በለጥ ያለ ኤሌክትሪክ ይሰጣል። ስለዚህ ምጣዱ እንደጋለ እንዲቆይ በየሰከንዱ አንድ ሊትር የማይሞላ ውሃ ከጊቤ ሁለት ከፍታ መውረድ አለበት። አንድ ሰዓት ሙሉ ብትጋግሩ 3,000 ሊትር ገደማ ነው። 15 በርሜል ውሃ ግማሽ ኪሎ ሜትር ወረደ ማለት ነው፣ ለአንድ ሰዓት እንጀራ።

ያንኑ አንድ ሰዓት በናፍጣ ጄነሬተር ብትጋግሩስ? አንድ ሊትር ናፍጣ ውስጥ 10 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ሙቀት አለ። ጥሩ ጄነሬተር ከዚያ 3 ያህሉን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል። ሰባቱ በጭስ ማውጫና በራዲያተር ይሄዳል። ስለዚህ ለአንድ ሰዓት ከአንድ ሊትር ትንሽ የበለጠ ናፍጣ ይበቃል። 15 በርሜል ውሃ በአንድ ወገን፣ አንድ ሊትር ናፍጣ በሌላ ወገን። ናፍጣ ሱቅ ጥግ ላይ የሚቀመጥ ማሽን ያዞራል፤ ውሃ ግን ተራራና ሸለቆ ይፈልጋል። ውሃው ግን በዓመቱ ይመለሳል። ናፍጣው አንዴ ነደደ፣ ሄደ። በዚያ ላይ በመርከብ ተጭኖ፣ በዶላር ተገዝቶ ነው ጅማ የሚደርሰው።

ጄነሬተር ልትገዙ ለምታስቡ ጥቂት ነገር ልንገራችሁ። ማሽኑ ላይ 10 ኬቪኤ ተብሎ ከተጻፈ አብዛኛውን ጊዜ 8 ኪሎ ዋት ነው የምታገኙት። ሞተር ያለው ዕቃ፣ ማለትም ፍሪጅ፣ የውሃ ፓምፕ፣ ወፍጮ፣ ሲነሳ ከመደበኛው ከሦስት እስከ ስድስት እጥፍ ኤሌክትሪክ ይስባል። ለዚህ ነው «ሒሳቡ ይበቃል» ተብሎ የተገዛ ጄነሬተር ፍሪጁ ሊነሳ ሲል የሚታፈነው። ደግሞም ከመጠን በላይ ትልቅ አትግዙ። ትልቅ የናፍጣ ማሽን ለሁለት አምፖል ቀኑን ሙሉ ሲዞር ናፍጣው በደንብ አይነድም። ጥቀርሻ ይሞላዋል፣ ቶሎ ያረጃል።

አሁን የምላችሁን ደግሞ እባካችሁ ቤት ወስዳችሁ ለሁሉም ንገሩልኝ። ጄነሬተር ቤት ውስጥ፣ ሱቅ ውስጥ፣ በረንዳ ላይ በር ሥር አይነሳም። ጭሱ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለ። አይሸትም፣ አይታይም። ሰው ራሱን አመመኝ ብሎ ጋደም ይላል፣ አይነሳም። ዝናብ ቢሆንም፣ ሌባ ቢያሰጋም፣ ከቤት ራቅ አድርጋችሁ ውጭ አስቀምጡት። ሁለተኛው አደጋ የጄነሬተሩን ገመድ ቤት ግድግዳ ላይ ያለ ሶኬት ውስጥ መሰካት ነው። ቼንጅ ኦቨር፣ ማለትም ቤቱን ወይ ከመስመሩ ወይ ከጄነሬተሩ ጋር ብቻ የሚያገናኝ ማዞሪያ፣ ሳይኖር እንዲህ ከተደረገ ኤሌክትሪኩ ወደ ኋላ ይሄዳል። መንገድ ላይ ያለው ትራንስፎርመር የእናንተን 220 ቮልት ወደ 15,000 ቮልት ከፍ ያደርገዋል። መስመሩ ጠፍቷል ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣው ሠራተኛ ልጅ ያለው፣ እናት ያለው ሰው ነው። ቼንጅ ኦቨር ውድ አይደለም። አስገጥሙት።

ከውሃና ከናፍጣ ውጪ በዓለም ላይ አብዛኛውን ዘንግ የሚያዞረው እንፋሎት ነው። ከሰል ያነዱ፣ ጋዝ ያነዱ፣ ኒውክሌር ይሁን፣ አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻው ውሃ ማፍላት ነው። እንፋሎቱ የተርባይኑን ምላስ እየገፋ ያልፋል። በአገራችን አሉቶ ላንጋኖ አለ። እዚያ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ጠልቆ ከተቆፈረ ጉድጓድ የሚወጣው የምድር እንፋሎት ነው ሥራውን የሚሠራው። በ1998 ሲጀመር አቅሙ 7 ሜጋ ዋት ገደማ ነበር። አዲስ አበባ ረጲ ላይ ቆሻሻ አንድዶ እንፋሎት የሚያወጣ ጣቢያ በ2018 ተመርቋል። ወንጂ፣ መተሐራና ፊንጫ ስኳር ፋብሪካዎች ደግሞ የተጨመቀውን አገዳ ገለባ አንድደው የራሳቸውን ኤሌክትሪክ ያመነጫሉ። ይህቺን የአገዳ ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስባታለሁ።

ነፋስም ያዞራል። አዳማ ላይ ሁለት ጣቢያዎች አሉ፤ 51 እና 153 ሜጋ ዋት። መቀሌ አካባቢ አሸጎዳ አለ፤ 120 ሜጋ ዋት። የነፋስ ጠባዩ ከባድ ነው። ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ኃይሉ ወደ ስምንተኛ ይወርዳል። ግን ለእኛ አገር አንድ ትልቅ ጥቅም አለው። ነፋሱ የሚበረታው በበጋ ነው፤ ግድቦቹ በሚጎድሉበት ወቅት። ነፋሱ ሲሠራ ውሃው ግድብ ውስጥ ይቆያል። ከ90 በመቶ በላይ ኤሌክትሪኳ ከውሃ ለሚመጣ አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሕዳሴም ቢሆን፣ 5,150 ሜጋ ዋት ይዞ በ2025 ቢመረቅም፣ ዝናብ ጠባቂ ነው።

ከሁሉም የተለየው የፀሐይ ሰሌዳ ነው። ዘንግ የለውም፣ የሚዞር ነገር የለውም። ብርሃን ሲሊከኑ ላይ ሲያርፍ ኤሌክትሮኖቹን ያስነሳቸዋል። የሚሰጠው ቀጥታ ኤሌክትሪክ ስለሆነ ለቤት ዕቃ ኢንቨርተር ያስፈልገዋል። ክረምታችን ደመና ይበዛበታል፤ ሰሌዳና ባትሪ የምትገዙ ሰዎች በሐምሌ በምታገኙት ፀሐይ አስሉ፣ በጥር አይሁን። ለገጠር ቤት መብራትና ለሞባይል ግን ከእሱ የተሻለ አላውቅም።

እንግዲህ የጅማን ዘንግ የሚያዞረው ዝናብ ነው ካልን፣ ስለ ዝናቡ እናውራ። በአካባቢያችን በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1,500 ሊትር ማለት ነው። ቅድም ለአንድ ሰዓት እንጀራ 3,000 ሊትር አልን። ሁለት ካሬ ሜትር መሬት ላይ በዓመት የሚወርደው ዝናብ ነው። እሱም ሁሉም ወንዝ ቢገባ ነው። አይገባም፤ አብዛኛው በተክልና በፀሐይ ወደ ሰማይ ይመለሳል። ስለዚህ የአንድ ቤት ምጣድ ከበስተጀርባው ሰፊ ኮረብታ አለው።

ያ ኮረብታ ሲራቆት ሁለት ነገር ይሆናል። ዝናቡ አፈር ውስጥ ሳይገባ በአንድ ጊዜ ይወርዳል፤ ክረምት ጎርፍ፣ በጋ ደረቅ ይሆናል። አፈሩም አብሮ ይወርድና ግድቡ ውስጥ ይተኛል። የጊቤ አንድ ሐይቅ ደለል ሥጋት መሆኑ በተደጋጋሚ ተጠንቷል። ደለል የያዘው ቦታ ውሃ አይይዝም። አሸዋው ደግሞ የተርባይን ብረት ይበላል። ጥላ ዛፍ ያለው የቡና ማሳ አፈር እንዴት አድርጎ እንደሚይዝ የዚህ አገር ገበሬ ለእኔ ያስተምረኛል እንጂ እኔ ለእሱ አላስተምረውም። እኔ የምጨምረው ያ ዛፍ የኃይል ማመንጫው አካል መሆኑን ብቻ ነው። ግድቡ ሲሠራ ከመሬታቸው የተነሱ አባወራዎች አሉ። ትልቁ መስመር በላያቸው እያለፈ ማታ ኩራዝ የሚያበሩ ቤቶችም አሉ። ኮረብታውን ጠብቁ ሲባል መጀመሪያ የሚባሉት እነዚህ ሰዎች ናቸው። መብራቱ ሲታደል ግን ኋላ ላይ ናቸው። ይህ መስተካከል አለበት፤ እዚህ ካላችሁት መካከል ነገ መስመር የምትዘረጉ ልጆች ታስተካክሉታላችሁ ብዬ አምናለሁ።

ከመግባታችን በፊት አንድ ቡና ቀሻሪ ወንድማችን «ከገለባዬ መብራት ይወጣል ወይ?» ብለውኝ ነበር። በሁሉም ፊት እመልሳለሁ አልኳቸው።

ይወጣል። አገዳው ላይ ያየነው ነው። ጀንፈል፣ ማለትም ከነገለባው የደረቀ ቡና፣ ሲቀሸር ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ገለባ ነው። በደንብ የደረቀ አንድ ኪሎ ገለባ ውስጥ 4 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ሙቀት አለ። ትንሽ ማሽን ከዚያ ብዙውን ያባክናል፤ ግማሽ ኪሎ ዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ብታገኙ ጥሩ ነው። አንድ ኩንታል ገለባ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት፣ ማለትም 16 ወይም 17 ሊትር ናፍጣን ይተካል። ይህ ንቀት የሚገባው ቁጥር አይደለም።

መንገዱ ሁለት ነው። አንዱ ገለባውን አንድዶ እንፋሎት ማውጣት ነው፤ ቦይለር ይፈልጋል፣ ቦይለር ደግሞ በቂ ባለሙያ ካልያዘው አደገኛ ነው። ሌላው አየር እየመጠኑ በማቃጠል ጋዝ ማውጣትና በጋዙ ሞተር ማስነሳት ነው። እሱ ለትንሽ ሥራ ይመቻል፤ ችግሩ ሬንጅ ነው። ጋዙ ካልተጣራ ሬንጁ የሞተሩን ቫልቭ ይይዘዋል። ገለባው እርጥብ ከሆነ ሁለቱም መንገድ አይሠራም። ሌላም ነገር አለ፤ ገለባው ማሳ ላይ ቢመለስ ለአፈሩ ማዳበሪያ ይሆናል። አመዱን መመለስ የተወሰነውን ይክሳል፣ ሁሉንም አይደለም።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። ገለባ በመኪና ጭኖ ሌላ ቦታ ወስዶ መብራት ማመንጨት አያዋጣም፤ ክብደቱ ትንሽ፣ ቦታው ብዙ ነው። እዚያው መቀሸሪያው ግቢ ውስጥ፣ ክምሩ ባለበት፣ በቅሸራው ወራት፣ የራሱን የመቀሸሪያ ሞተር ለማዞር ቢውል ግን ሊያዋጣ ይችላል። ለማወቅ ሦስት ነገር ያስፈልገኛል፤ በወቅቱ ስንት ኩንታል ጀንፈል እንደምትቀሽሩ፣ ጄነሬተራችሁ በቀን ስንት ሊትር እንደሚጠጣ፣ የሞተራችሁ ሳህን ላይ ስንት ኪሎ ዋት እንደተጻፈ። ሦስቱን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ጋራዥ ብቅ በሉ፤ ቁጭ ብለን አብረን እናስላው።